የስፒዶሜትር ምርመራና የፍጥነት ትኬት ክርክር በቨርጂኒያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ቨርጂኒያ የሚነዱ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነው፤ ጠበቃ አይደለሁም፣ ብዙ ዓመት መሪ የጨበጥኩና አንዴ ክፉኛ የተቆነጠጥኩ ሾፌር ነኝ።

ትኬቱ ላይ ከፈረምኩ ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው?

አይደለም። ፊርማው «በተባለው ቀን እቀርባለሁ፣ ወይም አስቀድሜ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ነው። ፈርማችሁ ወረቀታችሁን ተቀበሉና ሂዱ። መንገድ ዳር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጣጣው ያለው ፊርማው ላይ ሳይሆን አፋችን ላይ ነው። ፖሊሱ «ስንት እየነዳህ እንደነበር ታውቃለህ?» ሲል የምትነግሩት ቁጥር ማስታወሻው ላይ ይሰፍራል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ዳኛ ፊት ይነበባል። ያን ቀን «ሰማንያ ይሆናል» ያለ ሰው፣ በኋላ «ስፒዶሜትሬ ሰባ ሦስት ነበር የሚለው» ብሎ ወረቀት ቢያመጣ ማን ያምነዋል? ጨዋ ሁኑ፣ መንጃ ፈቃዳችሁን ስጡ፣ ቁጥር አትጥሩ።

ለምን ከፍዬ አልገላገልም?

መክፈል ይቻላል። ግን መክፈል ጥፋተኝነትን ማመን ነው። ቅጣቱ ራሱ ብዙም አይከብድም፤ አስቀድሞ ለሚከፍል ሰው በተለመደው መንገድ ላይ ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል 6 ዶላር ነው፣ የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመርበታል። 14 ማይል ያለፈ ሰው 84 ዶላርና ወጪውን ከፍሎ ይወጣል። ትምህርት ቤት አካባቢና የመንገድ ሥራ ባለበት ቦታ ሂሳቡ ከዚህ ይከብዳል።

የሚያቃጥለው ከኋላ የሚመጣው ነው። ከ1 እስከ 9 ማይል ማለፍ 3 ፖይንት፣ ከ10 እስከ 19 ማይል 4 ፖይንት፣ 20 እና ከዚያ በላይ 6 ፖይንት ያስቆርጣል። ተራ የፍጥነት ጥፋት መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ በዲኤምቪ፣ መዝገብ ላይ 5 ዓመት ይቆያል። ኢንሹራንሱ ደግሞ መዝገቡን ያያል። 84 ዶላር ከፍሎ የተገላገለ የመሰለው ሰው በሚቀጥለው እድሳት ወርሃዊ ክፍያው ሲወጣ ነው የሚገባው።

«ሬክለስ» የሚሉት ምንድን ነው? እኔ የያዘኝ እኮ በፍጥነት ብቻ ነው

ሬክለስ በግዴለሽነት መንዳት ማለት ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍጥነት ብቻውን ሬክለስ ያደርጋል። ከተፈቀደው 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ካለፋችሁ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ ከነዳችሁ፣ ትኬት ሳይሆን የወንጀል ክስ ነው። እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ ጣሪያው 80 ነበር፤ አሁን 85 ነው። 70 በሚፈቀድበት ሃይዌይ ላይ 86 የነዳ ሰው ያለፈው 16 ማይል ብቻ ቢሆንም ሬክለስ ነው።

ወረቀቱ ከተራው የፍጥነት ትኬት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ኪሱ ይከተዋል። የሕግ ቁጥሩን እዩት። 46.2-862 የሚል ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከፍተኛው ቅጣት 12 ወር እስር፣ 2,500 ዶላርና እስከ 6 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ ነው። 6 ፖይንት አለው፤ ዲኤምቪ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቀመጣል። ይህን በኢንተርኔት ከፍሎ መገላገል የለም፣ መቅረብ ግድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይታሰርም። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ የነዳ ግን ጠበቃ ሳይዝ እንዲሄድ አልመክርም፤ እዚያ ላይ የማይቀልዱ ዳኞች አሉ።

ስፒዶሜትር እንዴት ነው የሚሳሳተው? አዲስ መኪና እኮ ነው

ስፒዶሜትር መንገዱን አያይም። የሚያየው የጎማውን ወይም የማርሹን ዙር ነው። ሴንሰሩ ዙሩን ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ «አንድ ዙር ይህን ያህል ርቀት ነው» ብሎ ፋብሪካ በተሰጠው ልክ ያባዛዋል። የጎማው ልክ ከተቀየረ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በድሮው ሂሳብ ያባዛል።

እኔን የጎዳኝ ይኸው ነው። መኪናዬ ከፋብሪካ የወጣው በ205/55 አር 16 ጎማ ነበር። አንድ ክረምት አራት የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው ከሰው ላይ በርካሽ ገዛሁ። ቸርኬው ያው 16 ስለሆነ ልክክ ብሎ ገባ። ጎኑ ላይ የተጻፈው ግን 205/65 ነው። መሃል ላይ ያለችው ቁጥር የጎማው ግድግዳ ቁመት ከስፋቱ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ትናገራለች። ሂሳቡን ስትሠሩት የመጀመሪያው ጎማ ከጫፍ ጫፍ 632 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው 673። በ6.5 ፐርሰንት ይበልጣል። ጎማው በአንድ ዙር የበለጠ ርቀት ይሄዳል፣ ስፒዶሜትሩ ግን ዙር ብቻ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል።

ያለቀ ጎማ ተቃራኒውን ያደርጋል። ጥርሱ ሲያልቅ ጎማው ስለሚያንስ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ስፒዶሜትሩም ከእውነቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከአዲስ ጎማ እስከ ላጭ ጎማ ያለው ልዩነት ወደ 2 ፐርሰንት ቢሆን ነው።

ታዲያ የትኛው ስህተት ነው የሚጠቅመኝ?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። የሚጠቅማችሁ ስፒዶሜትሩ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ የሚያሳይ ከሆነ ብቻ ነው። ራዳሩ 76 ብሏል፣ እናንተ ዳሽቦርዱ ላይ ያያችሁት 73 ነው፤ ይህ ለዳኛ የሚነገር ነገር ነው።

ስፒዶሜትሩ ከእውነቱ በላይ የሚያሳይ ከሆነስ? ራዳሩ 76 ሲል እናንተ ያያችሁት 79 ነበር ማለት ነው። ያንን ወረቀት ለዳኛ መስጠት በራስ ላይ መመስከር ነው። ክፋቱ ደግሞ አብዛኛው መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው ወደዚህኛው አድልቶ ነው። የአውሮፓ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ስፒዶሜትር ከእውነቱ አንሶ እንዳያሳይ ፈጽሞ ይከለክላል፣ ከፍ ማድረጉን ግን በልክ ይፈቅዳል። ለዚህ ነው አምራቾች ለጥንቃቄ አንድ ሁለት ማይል ወደ ላይ የሚያስጠጉት። በፋብሪካ ልኩ ጎማ የምትነዱ ከሆነ «ስፒዶሜትሬ ተሳስቶ ነው» የሚለው ክርክር ላያዋጣችሁ ይችላል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ ፈትሹ።

ራሴ እንዴት ልፈትሸው?

ቀላሉ የስልክ ጂፒኤስ ነው። ቀጥ ያለ፣ ሜዳማና ሰማዩ ያልተሸፈነ መንገድ ምረጡ፤ ድልድይ ሥርና ፎቅ መሃል አይሆንም። ክሩዝ ኮንትሮሉን 60 ላይ እሰሩት። ጂፒኤስ ፍጥነት ሲቀያየር ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ፍጥነቱ አንድ ላይ ሲጸና ግን ጥሩ ነው። ስለዚህ አስር አስራ አምስት ሰከንድ ጠብቁ። ቁጥሩን የሚያነበውና የሚጽፈው አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ይሁን። ስለ ትኬት ሲመረምሩ ሌላ ትኬት መቀበል አለ። በ45፣ በ55 እና በ65 ድገሙት። አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የጎማ ስህተት ፐርሰንት ስለሆነ ፍጥነት ሲጨምር ልዩነቱም ይሰፋል።

ሁለተኛው የድሮ ሰዎች መንገድ ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሃይዌይ ዳር በየማይሉ ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ አረንጓዴ ሰሌዳዎች አሉ። በ60 ማይል ፍጥነት አንድ ማይል በትክክል 60 ሰከንድ ይፈጃል። ሰሌዳው በመስኮቱ ልክ ሲደርስ ሰዓት ይያዝ፣ ቀጣዩ ጋ ሲደርስ ይቁም። 3,600ን በሰከንዱ አካፍሉ፤ እውነተኛው ፍጥነት እሱ ነው። አንድ ማይል ላይ የእጅ መዘግየት ውጤቱን ስለሚያዛባ ቢያንስ አምስት ማይል ለኩ። እሁድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ክሩዙን 60 ላይ አስሬ ባለቤቴ ሰዓቱን ያዘች። አምስት ማይል በ4 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ አለቀ። 288 ሰከንድ ለአምስት ሲካፈል 57.6፤ እውነተኛው ፍጥነት 62.5 ማይል። ጎማው ሊያመጣ የሚገባው ስህተት ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ ከፊሉን ያጣፋው ፋብሪካው ወደ ላይ ያስጠጋው ነው።

መንገድ ዳር «ፍጥነትዎ» እያለ የሚያበራው ሰሌዳ ለጥርጣሬ ያህል ይበቃል፣ ለክርክር አይሆንም።

መኪናው ላይ የሚሰካው የኦቢዲ መሣሪያ አይበቃም?

የጎማ ስህተትን አያሳይም። መሣሪያው የሚያነበው የመኪናውን ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንኑ የተሳሳተ የጎማ ልክ ነው የሚያምነው። ዳሽቦርዱ ላይ የተጨመረችውን አንድ ሁለት ማይል ሊያጋልጥ ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም።

የስልኬን ጂፒኤስ ለዳኛው ባሳይስ?

ብዙ አትጠብቁ። መጀመሪያ ነገር ስልኩ ራሱ ላይገባ ይችላል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት የሚከለክሉ ወይም የሚገድቡ ፍርድ ቤቶች አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ማስረጃችሁንም አትማችሁ ያዙ። በር ላይ ደርሶ ስልኩን መኪና ውስጥ ሊያስቀምጥ የሚሮጥ ሰው በየሳምንቱ አለ።

የትኬቱን ቀን ጉዞ የሚያሳይ መዝገብ ካላችሁ አትጣሉት፤ በተለይ ኡበርና ሊፍት የሚሠሩ፣ ወይም ዳሽካም ያላቸው። ዳኛው ሊያየው ይችላል፣ ላያየውም ይችላል። በሕግ ስሙ ተጠርቶ «ፍርድ ቤቱ ይቀበላል» የተባለለት ግን ቀጥሎ ያለው ወረቀት ነው።

የካሊብሬሽን ወረቀት የሚባለው ምንድን ነው? እንዴት ይገኛል?

የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 46.2-942 የስፒዶሜትር ምርመራ ውጤት በመሐላ ተረጋግጦ ከቀረበ ፍርድ ቤቱ በማስረጃነት እንደሚቀበለው ይደነግጋል። ጥፋተኛ ነው አይደለም ሲባልም፣ ቅጣቱ ስንት ይሁን ሲባልም ግምት ውስጥ ይገባል። ይህን ሥራ የሚሠሩ ጋራዦች አሉ። ስትደውሉ «ለፍርድ ቤት የሚሆን፣ የተማለበት ወረቀት ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መሐላ የሌለው ደረሰኝ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መኪናውን ሮለር ላይ ያወጡታል። የሚነዱት ጎማዎች በብረት በርሜሎቹ ላይ እየተሽከረከሩ መኪናው ባለበት ይቆማል። ቴክኒሻኑ ቁጭ ብሎ ነዳጅ ይሰጣል፣ የሮለሩን ቁጥርና ክሩስኮቱን ያስተያያል። የኔ ወረቀት ላይ እንዲህ ነበር፦ እውነተኛው 55 ሲሆን ስፒዶሜትሩ 53፣ 65 ሲሆን 62፣ 75 ሲሆን 72። አስር አስራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ የመኪናው ዓይነትና የሻንሲ ቁጥሩ መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ።

አንድ ነገር አደራ። ጎማውን አትንኩት! ትኬት እንደያዙ ደንግጠው ጎማቸውን ቀይረው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ማስረጃውን በገዛ እጃቸው አወለቁት። የተያዛችሁበት ጎማ እንዳለ ይመርመር፣ ነፋሱም እንዳለ ይሁን። ወረቀቱን ከያዛችሁ በኋላ ቀይሩ፣ የቀየራችሁበትንም ደረሰኝ ይዛችሁ ቅረቡ። ዳኛው «አሁንስ አስተካከልከው?» ማለቱ አይቀርም።

ወረቀቱን ካመጣሁ ነፃ እወጣለሁ?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። የሚሆነው ዝቅ ማድረግ ነው። የኔን ልንገራችሁ። ዋሽንግተንን በሚዞረው ሃይዌይ፣ ቤልትዌይ ላይ፣ 55 በሚፈቀድበት ራዳሩ 76 አነበበ፤ 21 ማይል ትርፍ፣ ሬክለስ። ወረቀቱ ግን በዚያ ፍጥነት እኔ የማየው 73 እንደነበር ያሳያል፤ 18 ማይል ትርፍ፣ ተራ ፍጥነት። ሦስት ማይል ናት። ግን በሁለት በኩል የወንጀል መዝገብና ተራ ትኬት ያስቀመጠች ሦስት ማይል ናት። ዳኛዋ ወረቀቱን አየች፣ የጎማውን ደረሰኝ አየች፣ ወደ ተራ ፍጥነት አወረደችው። ከፍዬ ወጣሁ። እንዲያም ሆኖ 18 ማይል ትርፍ የነዳሁት ዓይኔ እያየ ነው፤ ለሱ ጎማው አይጠየቅም።

«ስፒዶሜትሬ ተሳስቷልና ጥፋተኛ አይደለሁም» ብላችሁ አትግቡ። መኪናውን በልኩ ማቆየት የሾፌሩ ግዴታ ነው ሊሏችሁ ይችላሉ። «ያየሁት ይህ ነበር፣ ምክንያቱን አገኘሁት፣ አስተካከልኩት» ማለት የተሻለ ይደመጣል። ስህተቱ አንድ ማይል ብቻ ሆኖ እናንተ 30 ማይል አልፋችሁ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ቤት ተዉት።

የፖሊሱን ራዳር ትክክለኛነት መጠየቅ እችላለሁ?

መብታችሁ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ የራዳሩ፣ የሌዘሩ ወይም የፖሊስ መኪናው ስፒዶሜትር ምርመራ ከ6 ወር በላይ አያገለግልም። ፖሊሱ የምርመራ ወረቀቱን ይዞ መምጣት አለበት። ራዳር የሚፈተሽበት ማስተካከያ ሹካ አለ፤ ሲመታ በታወቀ ፍጥነት የሚርገበገብ ብረት ነው፣ እሱም የራሱ ወረቀት አለው። ቀኖቹን ቁጠሩ። ከትኬቱ ቀን ወደ ኋላ 6 ወር ካለፈ ለዳኛው በትህትና አመልክቱ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወረቀቱ በልኩ ነው፤ ሥራቸው ነውና።

«ጥግ ላይ ቆሞ በሰያፍ ነው የለካኝ» የሚለውን ክርክር ደጋግሜ እሰማለሁ። የቆመ ራዳር በሰያፍ ሲለካ የሚያነበው ከእውነቱ ያነሰ ነው። እናንተን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ አታንሱት። የሚያስኬደው ሌላ ነው። የራዳር ጨረር ርቀት ሲጨምር ይሰፋልና መንገዱ የተጨናነቀ ከነበረ የትኛውን መኪና እንዳነበበ መጠየቅ ይቻላል። ሌዘር ጠባብ ስለሆነ ይህ ክርክር እዚያ አያዋጣም። ከኋላ ተከትሎ በራሱ ስፒዶሜትር ለክቶ ከሆነ ደግሞ ምን ያህል ርቀት ተከተለኝ፣ በመሃላችን ያለው ርቀት አልተለወጠም ወይ፣ ብላችሁ ጠይቁ። እየተጠጋችሁ የመጣ መኪና ፍጥነቱ ከናንተ ይበልጣል።

ራዳር ዲቴክተር ብገዛስ?

ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ነው። ዲሲም እንደዚያው። ሜሪላንድ ገዝቶ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ለሁለተኛ ትኬት ይዘጋጅ።

ፖሊሱ ካልመጣ ክሱ ይዘጋል?

ሊዘጋ ይችላል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ፖሊሱ ፈቃድ ላይ ከሆነ ወይም ከታመመ ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል። ፖሊሶች በወር በተመደበላቸው ቀን የሁሉንም ትኬታቸውን ጉዳይ ይዘው ነው የሚመጡት፤ አይመጣም ብሎ መቆመር ጥሩ ቁማር አይደለም። እናንተ ካልቀረባችሁ ግን በሌላችሁበት ይፈረድባችኋል። ሬክለስ ላይ የመያዣ ትእዛዝም ሊወጣ ይችላል።

የችሎቱ ቀን ምን ይመስላል? እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው

አስተርጓሚ ጠይቁ። ቀኑ ሲደርስ ሳይሆን አስቀድማችሁ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውሉና የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። የሚከፍለው ፍርድ ቤቱ ነው። ጎረቤት ይዞ መሄድ አይመከርም፤ የጎረቤት ትርጉም የራሱን ምክር ጨምሮ ነው የሚመጣው።

ሰዓቱን አትሳቱ። ወረቀቱ ላይ 9:30 ጠዋት ሲል በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ትስቁ ይሆናል፤ አንድ አዲስ መጤ ወንድም ከሰዓት ሲደርስ በሌለበት ተፈርዶበት አግኝቶታል። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ስማችሁ የሚፈለገው በመጨረሻው ስም ነው፤ በመንጃ ፈቃዳችሁ የመጨረሻው ስም የአባት ይሁን የአያት አስታውሱ። ሲጠሩትም የእናንተ አይመስልም። «ወልደገብርኤል» ሦስት ቦታ ተሰባብሮ ሰምቼዋለሁ። የሚመስል ነገር ስትሰሙ ተነሱ።

ተራችሁ ሲደርስ «ጥፋተኛ ነኝ»፣ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ወይም «አልከራከርም» ትላላችሁ። ፖሊሱ ይናገራል፣ ከዚያ እናንተ። ሁለት ደቂቃ ነው ያላችሁ። ወረቀቱን ለፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ስጡ፣ ቅጂ ለራሳችሁ ይኑራችሁ። ስለ ሥራ ብዛት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ መለመጥ አትተርኩ። ዳኛው ያን ጠዋት አርባ ጊዜ ሰምቶታል።

ዳኛው ክላስ ውሰድ ሊለኝ ይችላል?

አዎ። የ8 ሰዓት የአነዳድ ማሻሻያ ትምህርት ነው። መዝገባችሁ ንጹሕ ከሆነ ዳኛው «ይህን ጨርሰህ ና፣ እዘጋዋለሁ» ሊል ይችላል፣ በዳኛው ፈቃድ ነው። በራሳችሁ ፈቃድ ብትወስዱት ደግሞ ዲኤምቪ 5 ጥሩ ፖይንት ይሰጣችኋል፣ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ብቻ። ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ዳኛው ሳያዝ ተቻኩለው የወሰዱትን የማይቆጥር ዳኛ አለ።

ሲዲኤል አለኝ፤ ለኔም ይህ ሁሉ ይሠራል?

በከፊል ብቻ። ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነው። ትራክ ነጂዎች፣ ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የፌዴራል ሕግ ክፍለ ሀገሮች ሲዲኤል ያለውን ሰው ጥፋት ከመዝገብ እንዳይሸፍኑ ይከለክላል። ክላስ ወስዶ ማዘጋት ለእናንተ የለም፤ በግል መኪናችሁ ብትያዙም እንኳ።

15 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ በፌዴራል ደንቡ «ከባድ ጥፋት» ነው፣ ሬክለስም እንደዚሁ። ትራኩ ላይ ሳላችሁ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከተፈረደባችሁ ሲዲኤሉ ለ60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ ለ120 ቀን ይታገዳል። ከተፈረደባችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪ ማሳወቅም ግዴታ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ከ16 ወደ 14 ማይል መውረድ ማለት እንጀራ ማትረፍ ማለት ነው። ለጠበቃ የሚወጣ ገንዘብ የማይቆጨው እዚህ ላይ ነው። የትራክ ስፒዶሜትር ደግሞ በደንቡ 50 ማይል ላይ ከ5 ማይል በላይ መሳሳት የለበትም። ካሊብሬሽኑ ከዚያ የሰፋ ስህተት ካሳየ መኪናው ራሱ ደንብ ጥሷል፤ ወረቀቱን ለዳኛ ከመስጠታችሁ በፊት ጠበቃው ይየው።

በካሜራ የመጣብኝስ?

ሌላ ዓለም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካሜራ የሚተከለው በዋናነት ትምህርት ቤት አካባቢና የመንገድ ሥራ ባለበት ነው፤ ቢያንስ 10 ማይል ማለፍ አለባችሁ፣ ቅጣቱ ከ100 ዶላር አይበልጥም። ፖይንት የለውም፣ ለኢንሹራንስም አይደርስም። ዲሲና ሜሪላንድም የካሜራ ትኬት ፖይንት የለውም። ሜሪላንድ ካሜራው የሚያነሳው 12 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈውን ነው።

ለዚህ የካሊብሬሽን ወረቀት ማሠራት ብዙም አያዋጣም፤ ከቅጣቱ የማይተናነስ ታወጣላችሁ። መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ከሆነ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ባለቤቱ በመሐላ ቃል መግለጽ ይችላል። በመሐላ ነው ያልኩት። ዘመድን ለማዳን ብሎ መማል ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል።

ግሪን ካርዴ ወይም ዜግነቴ ላይ ችግር ያመጣል?

ተራ የፍጥነት ትኬት እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም። ሬክለስ ግን በቨርጂኒያ ሕግ ወንጀል ነው፣ ዜግነት ስትጠይቁ ቅጹ ላይ የሚነገር ነገር ነው። ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ፣ በተለይ ጥገኝነት ጠያቂዎች፣ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። የትራፊክ ጠበቃው ይህን ላያውቅ ይችላል። የፍርድ ቤቱን የመጨረሻ ውሳኔ ማኅተም ያለበት ቅጂ ያን ቀን አውጡና ፓስፖርታችሁ ካለበት ቦታ አስቀምጡት። ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ ፍለጋው አድካሚ ነው።

ተፈርዶብኛል፤ ሌላ መንገድ አለ?

አለ። ትኬቱን መጀመሪያ ካየው ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት በላዩ ወዳለው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። አስሩ የካላንደር ቀን ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ይቆጠራል። ጉዳዩ ከዜሮ ነው የሚታየው፤ የመጀመሪያው ዳኛ ያለው አይታይም፣ ማስረጃም እንደ አዲስ ይቀርባል። በመጀመሪያው ቀን የካሊብሬሽን ወረቀት ሳትይዙ የቀረባችሁ ከሆነ አሁን መያዝ ትችላላችሁ፤ ጎማው ካልተቀየረ።

ግን ሁለተኛው ዳኛም እንደ አዲስ ነው የሚፈርደው። ከመጀመሪያው የባሰ ሊፈርድ ይችላል፣ ወጪውም ይጨምራል። ሬክለሳችሁ ወደ ተራ ፍጥነት ወርዶ፣ ቅጣቱ ብቻ አናድዷችሁ ይግባኝ ልትሉ ከሆነ ተዉት፤ ከላይ ያለው ዳኛ ቅጣቱን ሊያከብደው ይችላል።